የአያ ጓንጉል ሦስተኛ ደረጃ ሳምንት

አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ተሰብስቦ ጽዋው በመዞር ላይ ሳለ አቶ ሸዋቀና የወረቀት ማኅደሩን በብብቱ ይዞ ገባ። አቶ ሸዋቀና ከተማ ሦስት ዓመት ተቀምጦ የተመለሰ የሰፈራችን ሰው ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያላወቀው ነገር የለም። ላም ስትታለብ ካየ ላሚቱ ስለ ወተት የማታውቀውን ይነግራታል። ዝናብ ሲጥል ደጅ ወጥቶ ያይና «እንዲህ አልነበረም መጣል የነበረበት» ይላል።

የዚያን ቀን የመጣው ለአያ ጓንጉል ብሎ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሰፈራችን ዘጠኝ አባወራዎች ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ቁልቁለት ወርደው ፍልውሃው አጠገብ በጋራ አንድ ቤት ሠርተዋል። ቆርቆሮውን ያወረዱት በጀርባቸው ነው፤ አህዮቹ መንገዱን አይተው ተመልሰዋል። ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ግንቦት ማብቂያ ያለውን ዘጠኝ ሳምንት ዕጣ ተጣጣሉበትና ለእያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ አንድ ሳምንት ደረሰው። ለአያ ጓንጉል የወጣለት የመጨረሻው ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል ያለው።

የአያ ጓንጉል ሚስት አትጠገብ ጉልበቷን ያማታል። በዚያ ሳምንት ፍልውሃው ውስጥ ከተነከረች እስከ መስቀል ድረስ እንደ ፍየል ትዘላለች። ካልተነከረች ክረምቱን ሙሉ ከመደብ አትወርድም። መደብ ላይ ሆና የምትሰጠው ትእዛዝ ደግሞ አያ ጓንጉልን ከጉልበት ሕመም በላይ ያመዋል።

አቶ ሸዋቀና ከከተማ ይዞት የመጣው ልውውጥ የሚባል ነገር ነው። አንተ ሳምንትህን ለእሱ ትሰጣለህ፤ እሱ ማኅደሩ ውስጥ ይከተዋል። ሌላ አገርም እንደኛው ቤት በጋራ የሠሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱም ሳምንታቸውን ሰጥተዋል። አንተ ወደዚያ፣ እነሱ ወደዚህ። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት አለ፣ ደጋ ላይ ያለ ቤት አለ። ለመዝገብ ማደሻ በዓመት አንድ በግ ነው፤ ብትሄድም በግ፣ ባትሄድም በግ። ያንተን ሳምንት መጀመሪያ ትሰጣለህ፤ ምትኩ ሲገኝ ይመጣል። ይቺን «ሲገኝ» የምትባለውን ቃል አቶ ሸዋቀና ሲናገራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት የገባ ይመስላል።

ከዘጠኙ ስምንቱ ዓምና ገቡበት። አቶ ንጋቱ ደጋ ደረሰውና ሄደ። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ዳቦ ሊጎርስ ሲል አፉን አጥቶ ለጎረቤቱ አጎረሰ። አቶ ዘለቀ ሐይቅ ዳር ሄዶ ትንኞቹ ተጋግዘው ተሸክመው ሐይቁን ሊያሻግሩት ሲሉ ከምሰሶው ጋር በገመድ ታስሮ አደረ። አቶ ፈንታሁን «ሲገኝ» ተብሎ ስንቁን ቋጥሮ በር ላይ ተቀመጠ፤ ዶሮ ስንቁ ላይ ታቀፈች፣ ጫጩቶቹ አደጉ፣ እሱ አሁንም እየጠበቀ ነው።

ታዲያ እንዴት ነበር ብላችሁ ብትጠይቋቸው ሦስቱም ያወድሳሉ። ንጋቱ «አየሩ» ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ዘለቀ ፊቱ ላይ ያለውን እብጠት እያከከ የሐይቁን ውበት ይተርካል። ፈንታሁን እንኳ ጥበቃው ትዕግሥት አስተማረኝ ይላል። ምን ያድርጉ፤ መጥፎ ነበር ያሉ ዕለት ሳምንታቸውን ከነበጉ ያስረከቡ ሞኞች መሆናቸውን በገዛ አፋቸው መሰከሩ ማለት ነው። ስለዚህ ዘጠነኛውም እንዲገባላቸው ከአቶ ሸዋቀና ይልቅ የሚጎተጉቱት እነሱ ሆኑ።

አሁን ደግሞ አዲስ ሕግ መጥቷል። የወዲያኞቹ ሰዎች ወይ ቤቱ ሙሉውን ወይ ምንም ብለዋል አለ አቶ ሸዋቀና። ጓንጉል ካልገባ የስምንቱም ሳምንት ይቃጠላል።

አያ ጓንጉል ቤቱ ሆኖ ነገሩን መዝኖታል። እውነቱን ለመናገር ልቡ ወደ ሐይቁ ሄዶ ነበር። በዕድሜው ዘሎ ያልተሻገረው ውሃ አይቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ቢያይ ደስ ባለው። አትጠገብን ሲያማክራት ሐይቁ ሞቃት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ቀዝቃዛ ነው አላት። እንግዲያ ጉልበቴን ፍልውሃ ልከህ አንተ ሐይቅ ሂድ ብላ ፊቷን አዞረች። ነገሩ እዚህ ላይ ቆሞ ነው እሑድ የደረሰው።

ያን ዕለት አቶ ሸዋቀናም ጽዋውን ተቀብሎ ተጎነጨና አፉን ጠርጎ ማኅደሩን ገለጠ። ሳምንት ሁሉ እኩል አይደለም፣ ደረጃ አለው አለ። የሐይቁ ሳምንት አንደኛ ደረጃ ነው። የአያ ጓንጉል ግን፣ ይቅርታ ይደረግለትና፣ ሦስተኛ ደረጃ ነው፦ ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፣ ዝንብ ነው፣ ማንም አይፈልገውም። ቢሆንም የአገር ልጅ ነውና አንድ ለአንድ ይለውጥለታል።

ስምንቱ አባወራዎች አንገታቸውን እኩል አዙረው አያ ጓንጉልን አዩት። የሰንበቴው ሰብሳቢ፣ ሙሴው አለቃ ወልደየስም ስለ ማኅበሩ ሰላም ስትል እሺ ብትል ምን አለበት አሉ። አትጠገብ ከሴቶቹ መካከል ጉልበቶቿን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባሏን ሳይሆን መሬቱን ታያለች።

አያ ጓንጉል ብድግ አለ።

«አቶ ሸዋቀና፣ ይሄን ሦስተኛ ደረጃ የሆነ ሳምንቴን ማን ይቀመጥበታል? ማንም አይፈልገውም ካልክ አሳዘነኝ።»

«እኔው እችለዋለሁ» አለ አቶ ሸዋቀና። «ማኅደር የያዘ ሰው የማይችለው የለም።»

«ብቻህን በዚያ ሙቀት?»

«ከነቤተሰቤ። አማቴም አሉ፣ ከከተማ መጥተው።»

«አማትህን ጭምር?» አያ ጓንጉል ራሱን ነቀነቀና ወደ አለቃ ዞረ። «አለቃ፣ እኔም አቶ ሸዋቀናም ጽዋ ቀምሰናል። የሰንበቴያችን ደንብ ምን ነበር የሚለው?»

ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ዓመት አንድ ማኅበርተኛ ወደ ግራ ብቻ የሚዞር በሬ ለጎረቤቱ ለውጦ፣ ጎረቤቱ አንድ ማሳ ለማረስ ሦስት ቀን ሲሽከረከር ሰንብቶ ነው ደንቡ የወጣው። አለቃ እንደ ዳዊት በቃላቸው አሉት፦ ጽዋ የቀመሰ ሰው መጥፎውን ለማኅበርተኛው ሰጥቶ ደህናውን ከወሰደ የዓመቱን ድግስ ብቻውን ይደግሳል።

«እንግዲህ አያችሁ» አለ አያ ጓንጉል። «ሦስተኛ ሰጥቼ አንደኛ ልወስድ? አቶ ሸዋቀናን ከነአማቱ ዝንብ ላስበላ? አላደርገውም። እኔን ድግሱ አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ኃጢአቱ ነው።»

አቶ ሸዋቀና ማኅደሩን አገላበጠ። በደንብ ሲታይ እንኳ ሁለተኛ ደረጃ ሊባል ይችላል አለ። አያ ጓንጉል በአንድ ደረጃም ቢሆን ወንድሜን አልጎዳም አለ። ስምንቱ አባወራዎች ጓንጉልን ትተው አቶ ሸዋቀናን በክርናቸው መጎሰም ጀመሩ፤ ጨምርበት እንጂ ማለታቸው ነው። እሱም ጨመረ። አቧራ የሚባለው አቧራ አይደለም አለ። ዝንቡም ያን ያህል አይደለም። እንዲያውም ያን ሰሞን ውሃው ገና ዝናብ ስላልበረዘው ለአጥንት እሱን የሚያህል የለም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ስለሆነ ሙቀቱ ከሰውነት ሳይወጣ ብርዱን ያሳልፋል። አማቱም ከከተማ ድረስ ተጭነው የመጡት ለዚያ ነው።

አለቃ ወልደየስ ቀና አሉ። «ስንተኛ ደረጃ ነው ትላለህ ታዲያ? ጽዋው ፊት ነህ።»

አቶ ሸዋቀና ጽዋውን አየ፣ ስምንቱን አየ፣ ላቡን ጠረገ።

«አንደኛ ነው። ከዘጠኙም የሚበልጠው እሱ ነው።»

አያ ጓንጉል ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ።

«እንግዲያ ይፍረዱኝ አለቃ። ሳምንቴ መጥፎ ከሆነ ለጎረቤት መጥፎ አልሰጥም፤ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ሚስት አለችኝ።»

አቶ ሸዋቀና ከነማኅደሩ ብቻውን ቀረ እንዳልላችሁ፣ ስምንቱ አባወራዎች የኔስ ሳምንት ስንተኛ ነበር እያሉ ከበውት ነበር።