ደህና ነኝ ያለው ጎማ

ተረት ልጀምር ነው። «የላም በረት» የምትሉ በሉ፤ እኔ ግን ዛሬ ከበረት ሳይሆን ከመናኸሪያ ነው የምነሳው።

ጎማም፣ እሾህም፣ ሸክላም አፍ በነበራቸው፣ ሰውም በሚሰማቸው ዘመን ስንሻው የሚባል ሹፌር ነበረ። ስንሻው ገበያተኛና ዕቃ የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። ከመኪናዋ ጎማዎች ሦስቱ ያረጁ ነበሩ፤ የኋላ ግራው ብቻ አዲስ ነበር። አዲስ መሆኑንም ላልጠየቀው ሁሉ ይናገር ነበር።

ከፊት ያለው ሽማግሌ አያ ጎማ ይባላል። ሲበሳ ሲለጠፍ፣ ሲበሳ ሲለጠፍ የኖረ ነው። አዲሱ ጎማ ባየው ቁጥር ይስቅበታል።

«አያ ድሪቶ! ዛሬስ የትህ ላይ ተጣፍክ?» ይለዋል።

ሌሎቹም አብረው ይስቃሉ። አያ ጎማ ግን መንከባለሉን ይንከባለላል።

አንድ ቀን መኪናዋ ግራር ጥላ ሥር ቆማ ስትነሣ፣ አንዲት የግራር እሾህ አዲሱን ጎማ ውግት አደረገችው።

«እሰይ! ቤት አገኘሁ!» አለች እሾህ እየተመቻቸች።

«ውጪልኝ!» አለ ጎማው።

«ብወጣ እኮ ቁጭ ነው የምትለው፤ አገር ያይሃል። ብቀመጥ ግን ንፋስህ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ ማንም አያውቅብህም። አንተም ዝም፣ እኔም ዝም።»

ጎማው አሰበ። በአያ ጎማ ላይ የሳቀው ሳቅ ትዝ አለው። ተበሳሁ ቢል ነገ ድሪቶ የሚባለው እሱ ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ንፋሱም ሲስ… ሲስ… እያለ ይወጣ ጀመር።

አሁን ስለዚያ አገር ሹፌሮች ልንገራችሁ። ከመነሳታቸው በፊት መኪናቸውን ይዞሩና ጎማውን በጫማ ይመቱታል። «አለህ?» ይላሉ። ጎማውም «ድው! አለሁ!» ይላል። በቃ፣ ምርመራው ይኸው ነው። ስንሻው ግን በጨርቅ የተጠቀለለ የንፋስ መለኪያ ነበረው። አንድ ጊዜ ቢያወጣው ሹፌሮቹ «ነርሱ መጣ! ትኩሳት ሊለካ ነው!» ብለው መናኸሪያውን በሳቅ አናወጡት። አፈረ፤ መለኪያውንም የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። መለኪያው ከዚያ ሆኖ «ኧረ አንዴ እንኳ ከጎማ አፍ አስጠጉኝ!» ብሎ ሲጮህ፣ ስንሻው ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል።

የገበያ ቀን ሆነ። እማማ ትርፌ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ በጋውን ሙሉ የደከሙበትን እንስራ፣ ማሰሮና ድስት ይዘው መጡ። ቤታቸው የሚከርመው በዚያ ሸክላ ነው፤ ሌላ ነገር የላቸውም። ሸክላው ተጫነ፤ ገበያተኛውም ተሳፈረ።

ስንሻው መኪናውን ዞረ። አዲሱን ጎማ በጫማው መታው። «አለህ?»

ጎማው ትንፋሹን ዋጥ፣ ሆዱን ንፍት አደረገ። «ድው! አለሁ!»

ስንሻው እንዳለፈ አያ ጎማ በሹክሹክታ ጠራው። «ልጄ፣ መኪናዋ ወደ አንተ አዘንብላለች። ተበስተህ እንደሆነ ተናገር። ጎሚስታው እዚሁ ደጅ ነው፤ መለጠፍ አያምም።»

«የራስህን ድሪቶ ጣፍ!» አለው አዲሱ ጎማ። ካለ በኋላ ግን አፈረ።

እማማ ትርፌም ማዘንበሏን አዩ። «ስንሻው፣ መኪናህ ወደ ግራ ወደቀችሳ! በመለኪያህ እያት እንጂ» አሉ።

ስንሻው ወደ ሹፌሮቹ ቢያይ ሹፌሮቹ ወደ እሱ ያያሉ። «መሬቱ ነው እማማ፣ ዘንበል ያለው መሬቱ ነው» አለ።

እማማ ትርፌ አላመኑም። ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፤ እጃቸውንም አዲሱ ጎማ ላይ አሳረፉ።

«የኔ ልጅ፣ ያ ሁሉ ሸክላ ባንተ ላይ ነው። ደህና ነህ ወይ?»

እጃቸው ይሞቅ ነበር። ጎማው ሊናገር ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«አገር እያየህ?» አለች እሾህ ከውስጥ።

«ደህና ነኝ እማማ» አለ ጎማው።

መኪናዋ ተነሳች። ዳገቱን እያቃሰተች ወጣችው፤ ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። የጎደለ ጎማ ሲሮጥ ይግላል፤ አዲሱ ጎማም ጋለ። «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ ሸክላዎቹ ከላይ። ጎማው ጨነቀው። «ተበስቻለሁ! አቁሙ!» ሊል አሰበ፤ ለመናገር ሲቆርጥ ግን የሚናገርበት ንፋስ አልቀረለትም። ኩርባው ላይ እጥፍ አለ። መኪናዋ ተንገዳግዳ ቦይ ውስጥ ገባች፤ ሸክላውም ከላይ ተናደ።

ሰው አልሞተም፤ እግዜር ይመስገን። ከሸክላው ግን አንድም አልተረፈ። እንስራውም፣ ማሰሮውም፣ ድስቱም ገል ሆነ።

እማማ ትርፌ አልጮሁም፤ አልተራገሙም። ነጠላቸውን ዘርግተው ገሉን እያነሱ ይሰበስቡ ጀመር። ጎማው ይህን እያየ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ስንሻውም ዓይናቸውን ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ጎሚስታው እሾህዋን በጉጠት ሲነቅላት «ከግራሩ ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ፤ የዋሸው እሱ እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?» አለች። ጎማው ተለጠፈና ተመለሰ። አያ ጎማ አልሳቀበትም፤ «እንኳን ተረፍክ ልጄ» ብቻ አለው። ይህ ከሳቅ ይልቅ አመመው።

ሌላ ገበያ መጣ። ስንሻው በመናኸሪያው መሐል መለኪያውን አወጣ። «ነርሱ!» ብለው ሳቁ ሹፌሮቹ። ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ቢሆንም ተንበረከከና መለኪያውን ከአዲሱ ጎማ አፍ አስጠጋ። ጎማውም መናኸሪያው እስኪሰማ ድረስ «ጎድሎኛል! ሙሉኝ!» ብሎ ጮኸ። ተሞላ።

ያን ጊዜ እማማ ትርፌ ጥቂት አዲስ ማሰሮ በአህያ ጭነው ብቅ አሉ።

«እማማ፣ ዛሬ ለክቻለሁ። ሸክላውን ልጫንልዎት» አለ ስንሻው አንገቱን ደፍቶ።

«እግዜር ይስጥህ። በአህያዬ እሄዳለሁ።»

«እማማ፣ ይማሩኝ! እሾህ ወግቶኝ እኮ ነው!» አለ ጎማው።

እማማ ትርፌ ቆም አሉ። «እሾህማ ማንን ይምራል ልጄ? የእኔንም እግር ስንቴ ወግቶታል። በእሾሁ አልተቀየምኩህም። ጎንበስ ብዬ፣ እጄን አሳርፌ ደህና ነህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ ደህና ነኝ በማለትህ ነው።»

ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት እንደሄዱ አህያዋ «ጭነቱ ጎረበጠኝ!» ብላ ጮኸች። እማማ ትርፌ አቆሟት፤ ጭነቱን አስተካከሉላት፤ ጀርባዋን ዳበስ ዳበስ አደረጓትና አብረው ሄዱ። ጎማው ከዓይኑ እስኪጠፉ አያቸው። ንፋሱ ልክ ነበር፤ እፍረቱ ግን አልወጣለትም።

ተረቴን አወረድኩ። ዳቦ ያላችሁ አፌን አብሱ፤ የሌላችሁ ጎማችሁን ለኩ። ጎደለኝ ያለ ይሞላል፤ ሞልቻለሁ ያለ የሰው ሸክላ ይሰብራል።