የሁሉም ሜዳ

አንድ ጊዜ በአንድ ጫካ ውስጥ የምትኖር አህያ፣ ከተወለደ ጀምሮ የኋላ እግሩ የተጣመመ ውርንጭላ ነበራት። ስሙ ዳማ ይባላል። የጫካው ግልገሎች በየጠዋቱ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ሲጫወቱ ዳማ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። የጦጣዋ ልጅ አልፎ አልፎ መጥታ ጆሮውን ትጎትተውና ትሮጣለች። እሱም ይስቃል፤ ሊከተላት ግን አይችልም። እናቱ ይህን በየቀኑ ታያለች።

አንድ ቀን ቆርጣ ተነሣችና ንጉሡ አንበሳ ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት አማረው። ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ሁሉም የሚጫወትበት ሜዳ ቢበጅልን ምን ይመስልዎታል?»

አንበሳ ደስ አለው። ደግ መባል የማይወድ ንጉሥ የት አለ!

«ይበጃል!» አለ። «ስሙም የሁሉም ሜዳ ይባል። ነገ ቋጥኙ ላይ እንመክርበታለን።»

በዚያ ጫካ አንድ ሕግ ነበረ። ምክር የሚደረገው ከትልቁ ቋጥኝ አናት ላይ ነው። እዚያ ወጥቶ ያልተናገረ እንደ ተስማማ ይቆጠራል፤ ከታች ሆኖ የሚጮህም አይሰማም። ሕጉን ያወጡት መውጣት የሚችሉት ናቸው፤ ሌላ ማን ሊያወጣው ኖሯል!

በማግስቱ ዳማ ቋጥኙን መውጣት አቃተው። ክንፏ የተሰበረው የቆቅ ጫጩትና ዓይነ ስውሯ የሚዳቋ ግልገልም ከሥሩ ቀሩ። አህያዋ ልጆቹን ጥላ መውጣት ስላልሆነላት አብራቸው ቀረች። ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናትና ይጣመምብኛል ብላ አልጠረጠረችም።

ቋጥኙ አናት ላይ ግን አንበሳ «አቅም ላነሳቸው ልጆች ማን ይናገርላቸዋል?» ብሎ ጠየቀ።

ቀበሮ ዙሪያውን ቃኘ። ወርዶ ልጆቹን መጠየቅ አድካሚ ሆነበት። «አያ ጅቦ አለ አይደል እንዴ!» አለ። «ሲሄድ እንደሚያነክስ ሁላችሁም ታያላችሁ። የእነሱን ችግር ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል?»

ጉባኤው በሙሉ አጨበጨበ። ጅብ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም ነበር። ስለ ግልገል እንደሚወራ ሲገባው ግን ምራቁ አፉን ሞላው።

«አዎ፣ አዎ፣ አነክሳለሁ!» አለ። «እነዚህ ልጆች የሚመቻቸው ለብቻቸው ሲሆኑ ነው። ዙሪያውን ግንብ ይታጠርላቸው። አንድ በር ይበቃል፤ በሩን እኔ እጠብቃለሁ። ወፈር ወፈር ያሉትን... ምን ነካኝ፣ ደከም ደከም ያሉትን አምጡልኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ጅብ ሲናገር መሳቱ የተለመደ ነው ብለው አለፉት።

ሥራው በደቦ ተጀመረ። ዝሆን መሬቱን ደለደለ፣ ከርከሮ ጉቶ ነቀለ፣ አህያ ድንጋይ ተሸከመች። ጀርባዋ እስኪላጥ ስትመላለስ እየዘፈነች ነበር። የአህያ ዘፈን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ያን ሰሞን ግን ማንም ዝም በይ አላላትም። ከዚያ አንድ ቀን ቀና ብላ ብታይ፣ የተሸከመችው ድንጋይ ሁሉ ከሜዳው ማዶ ግንብ ሆኗል።

«ቀበሮ፣ ይኼ ግንብ ለምንድን ነው?» አለች።

«ለልጅሽ ነዋ! ሯጮቹ ገፍተው እንዳይጥሉት።»

«ልጄ እኮ የፈለገው ከእነሱ ጋር መጫወት ነው።»

«ቋጥኙ ላይ ወጥተሽ ተናግረሽ ነበር?»

«አልወጣሁም።»

«እንግዲያው ተስማምተሻል» አለ ቀበሮ። «ደግሞ አትስጊ፤ የሚጠብቃቸው እንደ ልጅሽ የሚያነክስ ነው።»

አህያዋ ደቦ ጥላ ብትሄድ ምን ይሉኛል ብላ አፈረች። የሚያነክስ ጠባቂ መባሉም ልቧን አሳረፈው። ጭነቷን አነሣችና ወደ ግንቡ ሄደች።

በምረቃው ቀን አንበሳ ረጅም ንግግር አደረገ። ለዳማ የአበባ ጉንጉን አጠለቁለትና ከንጉሡ ጎን አቆሙት፤ ሁሉም እያየ «ያሳዝናል፣ ደስም ይላል» አለ። ንግግሩ ሲያልቅ ቀበሮ ሦስቱን ልጆች ወደ ግንቡ በር ወሰዳቸው።

ዳማ በሩ ላይ ቆመ። «እማዬ፣ እዚህ ከገባሁ እነሱን አላያቸውም። ዳር ቆሜ ሳይ ይሻለኝ ነበር።»

«ዛሬ ግባ የኔ ጌታ» አለችው። «በንጉሡ ፊት አታሳፍረኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ገባ። ጅብ ከውስጥ ሆኖ በሩን ዘጋው።

ሜዳው ላይ ጨዋታው ደመቀ። ትንሽ ቆይቶ ከግንቡ ወዲያ ጩኸት ተሰማ።

«እንዴት ደስ ብሏቸዋል!» አለ ዝንጀሮ።

እናትየውም ሰማች። ልጇ ከልቡ ሲጫወት እንዴት እንደሚጮህ ሰምታ አታውቅም ነበር። እንዲህ ነው ለካ ብላ ፈገግ አለች።

ሲመሽ በሩ ተከፈተ። መሬቱ ላይ የአበባው ጉንጉን ብቻ ቀርቶ ነበር።

ጅብን ጎትተው ቋጥኙ ላይ አወጡት። ሆዱ ተነፍቶ መቆም አቅቶታል።

«ምን አጠፋሁ?» አለ። «እናንተ ናችሁ የሾማችሁኝ። እንደማነክስ ተናግሬያለሁ፤ እንደማልበላ መቼ ተናገርኩ?»

ጅብን ከጠባቂነት ሻሩት። ቀበሮ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ ለወደፊቱ ግንቡ ከፍ ብሎ ቢሠራ ይሻላል አለ። መውጫው በተሰበሰቡት ተዘግቶባት ከቋጥኙ ሥር የቀረችው አህያ «ግንቡን አፍርሱት! አፍርሱት!» እያለች ትጮህ ነበር። ሕጉ ሕግ ነውና እንደ ተስማማች ተቆጠረ።

በማግስቱ ቀበሮ ለደቦ ሊጠራት ሲመጣ ግንቡ ሥር አገኛት። ድንጋዩን በጥርሷ እየነቀለች ታወርዳለች።

«ምነው ሴትዮ፣ ለማን ብለሽ ነው የምታፈርሽው?» አላት። «ልጅሽ እንደሆነ የለም።»

«ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ከዚህ የምንማረው፣ አቅም ላነሳቸው እንሠራለን ብለን እነሱ ወዳሉበት ወርደን ምን እንደሚፈልጉ ካልጠየቅናቸው፣ የቱንም ያህል የሚያምር ስም ብናወጣለት የሠራነው ለጅብ መሆኑን ነው።