የጦጣና የነጭ እንጉዳይ ዝምድና

ቀኛዝማች ይግለጡ አማታቸው ደጅ ጠንተውላቸው በአንድ ሌሊት ተሾሙ። በማግስቱ የገበሬውን ጎተራ ማስገልበጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ነጭ ጥላ አስይዘው ሸንጎ ተቀምጠው ሳለ፣ አንዲት አፈኛ ሴት ግብር አልከፈለችም ተብላ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ በቆሎዬን ጦጣ ጨረሰችብኝ። ማሳዬ ላይ የቀረው ነጭ እንጉዳይ ብቻ ነው» አለች።

ቀኛዝማች ሳቁባት። «እንግዲያው ጦጣና ነጭ እንጉዳይ በምን እንደሚመሳሰሉ ንገሪኝ። ከነገርሽኝ ግብሩን ምሬሻለሁ። ካቃተሽ መሬቱን ትለቂያለሽ።»

ሴትዮዋ ልጆቿ የት እንደሚወድቁ አሰበችና ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ጦጣ ሌላው የዘራውን ትበላለች። ነጭ እንጉዳይ ደግሞ በአንድ ሌሊት በቅሎ ጥላ ይዘረጋል። እስከ ዛሬ የሚገናኙ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱንም አንድ ወንበር ላይ አየኋቸው።»

ቀኛዝማች «ማንን ነው?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሸንጎው በሙሉ መልሱን እሳቸው ላይ ሲያይ ግን መልሰው ገጠሙት።

«ምሬሻለሁ፤ ሂጂ» አሉ ቀስ ብለው።