የዶልሶም ሰባተኛው ቋጠሮ

በኮሪያ ደቡብ ባሕር ላይ ባለችው በዶልሶም ደሴት፣ ሟች ቂሙን ይዞ እንዳይቀር ረጅም ነጭ ጨርቅ ላይ ሰባት ቋጠሮ ይቋጠራል። ሙዳንግ የምትባለው፣ ሙታንን ከሕያዋን የምታስታርቀው ሴት፣ እያዜመች ጨርቁን ስታራግፈው ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ። በሌሎች መንደሮች ሁሉንም የምትፈታው እሷ ናት፤ በዶልሶም ግን ስድስቱን ብቻ ፈትታ ሰባተኛውን ሟቹን ለበደለው ሰው ትሰጠዋለች።

ይህ ልማድ የመጣው ቡንርዬ በምትባል ሴት ቁጣ ነው ይባላል። ባሏ ዶክጊል ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድ ብርዳም ጧት ባሕር ገብቶ ሬሳው እንኳ ሳይገኝ ቀረ። የጀልባው ጌታ ማንሶክ «ተው ብለው እምቢ አለኝ፤ መቼም እልኸኛ ነበር» እያለ ለመንደሩ አወራ፤ ጭራሽ ለሥርዓቱ አሳማ አርዶ ከፊተኛው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ቡንርዬ የዚያን ጧት ከበሯ ቆማ ባሏና ማንሶክ የተባባሉትን ሁሉ ሰምታ ነበር፤ ብትናገር ግን ማን ያምናታል?

እንደሚነገረው፣ ስድስቱ ቋጠሮዎች ተፈትተው ሰባተኛው ቢራገፍ ቢራገፍ እምቢ አለ። ሽማግሎቹም ወደ ሚስቲቱ ዞረው፣ «አንቺ ነሽ የያዝሽው! አልቅሺና ልቀቂው እንጂ» አሏት። አንዲት ጎረቤትማ «አንዳንዷ ባሏን ሞቶም አታሳርፈው» ብላ አሽሟጠጠች።

ያን ጊዜ የቡንርዬ እንባ ቀጥ አለ። ጨርቁን ከሙዳንጓ እጅ ነጥቃ ማንሶክ ጭን ላይ ወረወረችው።

«እኔ አልቋጠርኩትም። የቋጠረው ይፍታው!»

«ምስኪን፣ ሐዘን አናወዛት» ብሎ ማንሶክ ሳቀ። አሮጊቷ ሙዳንግ ግን ደወሏን መሬት አስቀምጣ፣ «ምን ቸገረህ ጌታው፣ እስቲ ሞክረው» አለችው።

ቢስበው ጠበቀ፤ በጥርሱ ቢይዘው ባሰበት። ላቡ ጨርቁን አራሰው። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ «ነፋሱን አይቶ አልሄድም ብሎኝ ነበር። ‹እንግዲያ ከሚስትህ ቀሚስ ሥር ተወሸቅ› ብዬ የሰደድኩት እኔ ነኝ» አለ። ቋጠሮው እዚያው እጁ ላይ ላላ ይላሉ።

ተንበርክኮም «በይ እንግዲህ ማሪኝ» ቢላት፣ «ባሌ መንገዱ ይከፈትለት ብዬ ነው የመጣሁት፤ ላንተ ብዬ አይደለም» ብላው ሄደች።

ዛሬም በዶልሶም በዳዩ ጥፋቱን ጮክ ብሎ ተናግሮ ቋጠሮውን ከፈታ በኋላ፣ ሐዘንተኛዋን «ማርኩ በዪ» የሚል ሽማግሌ የለም። እሷ ተነሥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ እሱ ከዐይን እስክትሰወር ተንበርክኮ ይቆያል። ቀስ ብላ ብትሄድም ቶሎ በዪ የሚላት የለም።