ጠጋ በሉ ያለው አግዳሚ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ! የዛሬው ተረቴ ላም የለበትም። የመኪና በረት በሉኝ። አላችሁ? እሰይ። አንተ ከወደ በሩ ያለኸው አልሰማሁህም፤ ድገመው። አዎ፣ እንደሱ።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ እንስሳ ብቻ የሚናገርበት ድሮ አይደለም፤ መኪናውም፣ ወንበሩም፣ መስታወቱም አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ድሮ ነው። ያን ጊዜ መኪና ያኮርፋል፣ ይለመናል፣ ሲያሻው ይሳደባል። ዛሬም ያኮርፋል፤ ምን እንደከፋው አይናገርም እንጂ።

በዚያን ዘመን ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ንጋቱ ወፍጮ ቤት አለው። ልጆቿ ብዙ ናቸው። ስንት ናቸው? ኧረ በስመ አብ በሉ! ልጅ ይቆጠራል እንዴ? በዚያ አገር በግ ይቆጠራል፣ ጆንያ ይቆጠራል፣ ልጅ ግን አይቆጠርም። "ልጆችሽ እንዴት ናቸው?" ሲሏት "ይመስገነው፣ አሉ" ትላለች፣ በቃ። የወለደቻቸው አሉ። እህቷ ሞታ ያመጣቻቸው አሉ። ከጎረቤት ለጨዋታ መጥተው በዚያው የቀሩም አሉ። የባሏ እናት እማማ ተዋቡም አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው።

መኪናቸው ሽበቱ ይባላል። ግራጫ ነው፣ አርጅቷል፣ ዳገት ሲያይ ያስለዋል። ሾፌሩ የኋላውን የሚያይባት ስፖኪዮም አንዲት ብቻ ቀርታዋለች፤ እሷም ተሰንጥቃለች።

በዓመት በዓመት የአቦ ንግሥ ሲደርስ ቤተሰቡ ከቆላው ወንዝ ማዶ፣ ወደ ዘርትሁን እናት አገር ይሄዳል። ዘርትሁን ዳቦውን ትደፋለች፣ የልጆቹን ፀጉር ታበጥራለች፣ ሁሉንም እያቀፈች ሽበቱ ውስጥ ትከታለች። ከታ ስትጨርስ ቦታው ያልቃል። እሷ ውጭ ትቀራለች። ያን ጊዜ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣

"እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ" ትላለች።

ምኑ ነው የሚጠበቀው? ሌባ ቢመጣ ጥቁር ድስት ሊሰርቅ ነው? ግን በየዓመቱ እንዲህ ትላለች፣ እነሱም በየዓመቱ ያምኗታል። ልጆቹ እናታቸው ቤት መጠበቅ የምትወድ ይመስላቸዋል። ንጋቱም እንደዚያው፣ ሞኙ!

ዘንድሮ ታዲያ ከማዶ መልእክት መጣ። የዘርትሁን እናት "ዓይኔ ደክሟል፣ ሰው ጥላ ሆኖብኛል" ብለው ላኩ። ዘርትሁን ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። "ዘንድሮ ካላየችኝ መልኬን እንደረሳችው ልትቀር ነው" አለች በልቧ። ለማንም ግን አልተነፈሰችም። ፊቷን ታጥባ ወጣች።

በዚያው ሰሞን ወፍጮው ቀንቶት ነበርና ንጋቱ "ትልቅ መኪና እንገዛለን!" አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ዘርትሁን ደግሞ ከሁሉም አስበልጣ እልል አለች። ለምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እነሱ አላወቁም።

ሁሉም ሽበቱ ላይ ተደራርበው መኪና ወደሚሸጥበት ግቢ ሄዱ፤ ዘርትሁን በእግሯ ተከተለች። የግቢው ደላላ ጉሬዛ ነበር። ነጭ ካባውን እንደደረበ ከዛፉ ዘሎ ወረደ።

"እንኳን ደህና መጣህ ጋሼ ንጋቱ! ስንት ናችሁ?"

"ይመስገነው፣ አለን።"

"አለን ስንት ነው?"

"አለን ነዋ!" ብለው እማማ ተዋቡ ጮኹበት። "ምን ያለው መዓት ነው እናንተ! ቆጥሮ ሊበላን ነው?"

ጉሬዛው ራሱን አከከ። "በሉ እሺ፣ አትቆጠሩ። እንዲህ ላለ ቤተሰብ የሚሆኑ ሁለት ግዙፎች አሉኝ፤ ጥቁሩና ነጩ። መርጣችሁ ውሰዱ።"

ጥቁሩና ነጩ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ቤት ያህላሉ። ሁለቱም አዲስ ናቸው። ሁለቱም ዛሬ ከዚህ ግቢ መውጣት አጥብቀው ይፈልጋሉ።

"ስማ" አለው ጥቁሩ ነጩን። "ሰው መጥቷል፣ አግዳሚህን ደብቅ። ሰው ሁሉ የሚያማምር ወንበር ይዞ ሲመጣ አንተ ረጅም አግዳሚ ዘርግተህ! ጠላ ቤት ተሸክመህ መኪና ነኝ ትላለህ?"

"ጉልበቴ ካንተ አያንስም" አለ ነጩ። "ዳገቱን እኩል ነው የምንወጣው።"

"አትወጣም መች አልኩህ? ጠላ ቤትም ጎማ ቢያበጁለት ዳገት ይወጣል።"

ነጩ አፈረ። መስኮቱን ዘጋ፣ አግዳሚው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገ። ጥቁሩ የፈለገው ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ ንጋቱን ጠራው። "ጌታዬ፣ እኔን ይዘህ ስታልፍ ወፍጮ ቤትህ ያለው ሰው ሁሉ እህሉን ትቶ ነው የሚያይህ።" ንጋቱ ጉሮሮውን ጠረገና ኮሌታውን አስተካከለ።

ቀጥሎ እማማ ተዋቡን ጠራቸው። "ለጉልበትዎ የሚሞቅ ወንበር አለኝ። እሳት ሳይነድበት ይሞቃል።"

"ውሸትህን ነው!"

"ይቀመጡና ይዩታ።"

እማማ ተዋቡ ተቀመጡ። ጥቂት ቆዩና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። "ውይ! እውነቱን ነው" አሉ።

በመጨረሻ ልጆቹን ጠራ። "ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ወንበር! ማንም ማንንም በክርኑ አይጎሽምም፣ ማንም የማንንም እግር አይረግጥም። ምንጣፌ እንዳይቆሽሽ ብቻ ጫማችሁን አውልቁ።" ልጆቹ ጫማቸውን እየወረወሩ ተንጋግተው ገቡ።

ለዘርትሁን ግን ምንም አላላትም። እሷ የልጆቹን ጫማ ጥንድ ጥንዱን እየለቀመች ውጭ ቆማ ነበር።

እማማ ተዋቡ ዞር ብለው አዩ። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። "ዘርትሁንስ? ምነው እናንተ፣ ጠጋ በሉላት እንጂ!"

ልጆቹ ጠጋ ሊሉ ሞከሩ። የክንድ ማሳረፊያው በግራም በቀኝም ያዛቸው።

"ጠጋ?" አለ አንዱ ወንበር። "ጠጋ ምንድነው?"

"ወዴት ነው ጠጋ የሚባለው?" አለ ሁለተኛው።

"እኔ እኮ ለአንድ ሰው ነኝ" አለ ሦስተኛው።

"በእኔ ቤት ያ ቃል የለም" አለ ጥቁሩ። "ወንበሬ ሞልቷል፣ አለቀ።"

ዘርትሁን የታቀፈችውን ጫማ አስተካከለች። ፈገግም አለች። "ግድ የለም። እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።"

"አይከፋሽም ዘርዬ?" አላት ንጋቱ።

"ምን ይከፋኛል! ቤት መጠበቅ እኮ እወዳለሁ።"

"እንግዲያው ጥቁሩን ወስደናል!" አለና ንጋቱ እጁን ለጉሬዛው ዘረጋ። ጉሬዛውም እጅ ሊመታ እጁን ወደ ላይ አነሳ። በዚያ አገር እጅ ከተመታ ገበያው ተፈጽሟል፤ መመለሻ የለውም።

"ንጋቱ! እጅህን ሰብስብ!"

ሁሉም ደንግጠው ዞሩ። የጮኸችው የሽበቱ ስፖኪዮ፣ ያቺ ስንጥቋ ናት።

"አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ!" አለ ጉሬዛው።

"ያገባኛል! እነዚህ ሰዎች ሲሄዱ ሁሉም ወደፊት ነው የሚያዩት። ወደኋላ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ዘርትሁን በሩ ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች፣ ትስቃለች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሳቋን ትተወዋለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። በየዓመቱ አያታለሁ። አንድ ዓመት ልናገር፣ አልናገር ስል ነው የተሰነጠቅሁት!"

ሽበቱም ሳሉን ዋጥ አድርጎ "እውነቷን ነው" አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠቦኝ ነው። ያልጠበበው ግን ሲጠብ ማየት አልችልም።"

ንጋቱ ሚስቱን አያት። "እውነት ነው?"

"ኧረ ተዋቸው፣ እኔ እኮ…" አለች። የያዘችው ጫማ ከእቅፏ ረገፈ። "እናቴን ማየት እፈልጋለሁ ንጋቱ። ዓይኗ ሳይጠፋ እንድታየኝ እፈልጋለሁ። ቤት መጠበቅ አልወድም። አንድም ቀን ወድጄ አላውቅም።"

ንጋቱ የዘረጋውን እጁን መልሶ ራሱ ላይ ጫነው። "ወይ ጉዴ! ይህን ሁሉ ዓመት ዓይን የለኝም ነበር እንዴ?"

ያን ጊዜ ከወዲያ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። "ይቅርታ" አለ ነጩ። "እኔ አለሁ። ግን… ያለኝ አግዳሚ ነው።"

እማማ ተዋቡ ከሞቀው ወንበር ተነሡ፤ እሱ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሄደው ብርድ ልብሱን ገፈፉት። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አግዳሚ፣ ከኋላውም ሌላ አግዳሚ።

"ጠላ ቤት ነው እኮ!" አለ ጥቁሩ እየሳቀ።

"ጠላ ቤት ቢሆንስ?" አሉት እማማ ተዋቡ። "ጠላ ቤት ገብቶ ቦታ የለም ተብሎ የተመለሰ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

ልጆቹ ገቡ፣ እማማ ገቡ፣ አግዳሚው ሞላ። ዘርትሁን አሁንም ውጭ ነች። አግዳሚው ግን ከተሠራ ጀምሮ ያቺን ቀን ሲጠብቅ ኖሯልና አፉን ከፈተ።

"ጠጋ በሉ!" አለ። ጠጋ አሉ። የመዳፍ ያህል ቦታ ተገኘ።

"በሞቴ ጠጋ በሉ!" አለ። ጠጋ አሉ። የድመት ማስተኛ ያህል ተገኘ።

"አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ ጠጋ!" አለ። እየተሳሳቁ ጠጋ አሉ። መስኮቱ አጠገብ የሰው ያህል ቦታ ተገኘ።

"ግድ የለም" አለች ዘርትሁን እንደ ልማዷ፣ "እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት…"

አላስጨረሷትም። እማማ ተዋቡ በነጠላዋ ጫፍ ይዘው ሳቧት፣ ቦታውም ልክ ሆነላት። ንጋቱም እጁን ለጉሬዛው ሰጠ፤ ጧ! ብለው ተማቱ።

የአቦ ዕለት በጠዋት ነጩ መንገድ ሊጀምር ሲል ዘርትሁን ከመስኮቱ ብቅ ብላ ሽበቱን አየችው። በሩ አጠገብ ብቻውን ቆሟል።

"አንተስ?" አለችው።

"እናንተ ሂዱ" አለ ሽበቱ። "እኔ ቤት እጠብቃለሁ። እኔ የምሬን ነው፤ ዳገት አልወድም።"

ወንዙን ተሻገሩ፣ አቀበቱን ወጡ። የዘርትሁን እናት ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ልጆቹ ወርደው ከበቧቸው፤ እሳቸውም ራስ ራሳቸውን እየዳሰሱ "ይመስገነው፣ አሉ፣ አሉ" አሉ። ከዚያ እንደየዓመቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

"ዘርትሁን ዘንድሮም ቤት ትጠብቃለች?"

ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ጠጋ ጠጋ ብለው መንገድ ለቀቁላት።

"አልጠብቅም እማዬ። ይኸው መጣሁ።"

እናቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ወደ ብርሃኑ መለስ አደረጉት፣ አስጠጉት፣ አፍንጫቸው አፍንጫዋን እስኪነካ አስጠጉት። ብዙ ቆዩ።

"ወፍረሻል" አሉ።

እየሳቀች አለቀሰች። ታየቻቸዋ!

ጥቁሩስ ምን ሆነ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እሱም አልተጣለም። ባልና ሚስት ብቻ ያሉበት ቤት ገባ አሉ፤ ወንበሩ እየሞቀላቸው ተመችቷቸው ይኖራሉ።

እናንተም ሰፊ ቤት፣ ሰፊ መኪና ስትመርጡ ወንበሩን አትዩ። ሰፊ የሚባለው ጠጋ የሚሉበት ነው። እናንተ ሂዱ የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ መታጠፊያው ጋ ስትደርሱ ዞር ብላችሁ እዩት።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን ተዉት፤ ይልቅ ጠጋ በሉና አስቀምጡኝ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁላችሁ እኮ ቆሜ ነው!