ሽለምጥማጥና የመጨረሻዋ ኩሬ

ድሮ ድሮ ነው፤ እኔም አልነበርኩ፣ የነገሩኝ አያቴም አልነበሩ። ስሟ በጠፋኝ አንዲት ቆላ አገር አንድ ወንዝ ነበር። ወንዝ ስላችሁ ደግሞ ይሄ እናንተ ድንጋይ እየረገጣችሁ የምትሻገሩት አይምሰላችሁ። ያኛው ሲመጣ መሬት ይንቀጠቀጣል። ወዲህ ማዶ ያለው ወዲያ ማዶ ያለውን በሐምሌ «እንደምን አደርክ?» ቢለው፣ መልሱን የሚሰማው ጥቅምት ሲገባ ነው ይባላል።

በዚያ አገር ብርብራ የሚባል ዛፍ ሞልቷል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ዓሣውም ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። እንስሳቱ በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሲያብብ፣ ተሰብስበው ብርብራ ይወቅጣሉ፤ ዓሣ ይበላሉ፤ ይጨፍራሉ። ማንም ምንም አይሆንም። ወንዙ መርዙን ይዞ እብስ ይላል። ወዴት እንደሚወስደው የጠየቀ ግን አልነበረም።

ኋላ ዝናቡ ጠባዩ ተበላሸ። በሰኔ የሚመጣው በሐምሌ መጣ፤ በሐምሌ የሚመጣው ጭራሽ ቀረ። ሲመጣም የተቆጣ እንግዳ ሆኖ፣ በአንድ ቀን አፈሩን ጠራርጎ ይሄዳል። በሦስተኛው ዓመት ያ ሁሉ ወንዝ ደርቆ፣ ከአንዲት ሾላ ሥር አንዲት ኩሬ ብቻ ቀረች።

እንስሳቱ መከሩና አባ ኤሊን የውሃ አባት አድርገው ሾሙት። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያስጠብቅ፣ ውሃ የሚያካፍል ዳኛ ነው። ለምን ኤሊ አትሉም? ቸኩሎ ስለማያውቅ ነዋ! ውሃ በችኮላ አይካፈልም።

አባ ኤሊም ሕጉን ተናገረ፦ «ከሩቅ የመጣ ይቅደም። ቅርብ ያለ ይታገሥ። ኩሬዋ ውስጥ ከከንፈር በቀር ምንም አይግባ!»

«ይሁን!» አሉ ሁሉም።

አያ ጅቦ ብቻ «የእኔ ከንፈር ከጥርሴ ላይ አይደርስም፤ እንዴት ልሁን?» ብሎ ጠየቀ።

«ጥርስህን ይዘህ ግባ፤ ሌላ ግን አታስከትል» አለው አባ ኤሊ።

እዚያው ሾላ ላይ ሽለምጥማጥ ሦስት ልጆች ወልዳ ትኖር ነበር። ሽለምጥማጥን ታውቋታላችሁ፤ በተለይ ዶሮ ያላችሁ። ብልጥ ናት። ነገር ግን በዚያ ድርቅ ብልጠት ምን ይሠራል? አይጡም ቆቁም አገር ጥሎ ሄዷል። ጡቷ ደረቀ፤ ልጆቿ ቀን ከሌት ያለቅሱባታል። እኔ አልፈርድባትም፤ እናንተም ቶሎ አትፍረዱ። ከሾላው ላይ ቁልቁል ስታይ ደግሞ ኩሬዋ ውስጥ ዓሣ ይርመሰመሳል።

ወረደችና «አባ ኤሊ፣ ጥቂት ብርብራ ልነስንስ? ልጆቼ በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው» አለችው።

«የለም፣ እመት ሽለምጥማጥ።»

«አያቶቻችን ሲያደርጉት አልነበረም እንዴ?»

«አያቶቻችን የሚሄድ ወንዝ ነበራቸው። የእኛ ውሃ ቆሟል፤ የገባበትን ይዞ ይቀመጣል።»

«አንድ ጭብጥ ምን ትሆናለች? ውሃው ያጥባታል!»

«ውሃውንስ ማን ያጥበዋል?» አለ አባ ኤሊ።

«እሺ አባቴ» ብላ ሄደች። እሺ ያለ ሁሉ ግን እሺ አላለም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እንስሳቱ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ተበተኑ፤ አባ ኤሊም አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ አስገብቶ አሸለበ። ሽለምጥማጥ በመጀመሪያ ከኩሬዋ ንጹሕ ውሃ በትልቅ ቅል ቀዳችና ከሾላው ፍልፍል ውስጥ ደበቀች። አያችሁ ብልጠት! ከዚያ ብርብራዋን ወቅጣ «አንድ ጭብጥ ናት፤ ውሃው ያጥባታል» እያለች ነሰነሰች። ሁለት ዓሣ ተንሳፈፈ። ልጆቿ ሲበሉ አይታ በደስታ አለቀሰች። የታወቀባት ነገርም የለም።

በሁለተኛው ቀን ልጆቿን ከቅሉ አጠጣችና «ሁለት ጭብጥ ናት፤ ውሃው ያጥባታል» ብላ ነሰነሰች። አራት ዓሣ ተንሳፈፈ። ማታ አያ ጅቦ «ዛሬ ውሃው ምላስ ይይዛል» ቢል፣ «ምላስህ ትናንት የላሰው ቆዳ ነው» ብለው ሳቁበት።

በሦስተኛው ቀን ልጆቿ ጠግበው ነበር። መቆም ትችል ነበር። ግን ለችግር ያመጡት እንግዳ ችግሩ ሲሄድ መቼ አብሮ ይሄዳል? ከቅሉ አጠጣቻቸውና «አንድ ቁና ናት፤ ውሃው ያጥባታል» ብላ ዘረገፈችው። ትልቁም ትንሹም፣ ወላዱም ጫጩቱም፣ ዓሣው በሙሉ ተንሳፈፈ። እሷ አምስት ወሰደች። የቀረው ፀሐይ ላይ ተኝቶ ይሸት ጀመር።

ያን ማታ ከሩቅ የመጡት ጠጡ። ሲነጋ የጠጣው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። አያ ጅቦ እንኳ፣ አጥንት እንደ ቆሎ የሚቆረጥመው አያ ጅቦ፣ «ኧረ እናንተ! የኔ ሆድ ሌላውን ያማል እንጂ ታሞ አያውቅም ነበር!» እያለ አቃሰተ።

አባ ኤሊ ሁሉንም ሰበሰበ። «ዓሣው ለምን እንደሞተ የሚያውቅ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሽለምጥማጥ ከሾላው ላይ ሆና «ፀሐይዋ ናት!» አለች። «ሙቀቱ ነው የፈጀው፤ ሆዳችሁንም ያመማችሁ የዓሣው ሽታ ነው። ውሃው ትንሽ ሞቀ እንጂ ምንም አልሆነ። ዓሣውን አውጥታችሁ ጠጡት።»

እውነት መሰላቸው። ለምን አይመስላቸው? ፀሐይዋ ስንት ጥፋት አጥፍታለች፤ አንድ ቢጨመርባት አትከራከር። የሞተውን ዓሣ እየለቀሙ አወጡ።

ሚዳቋ ከኩሬዋ አጠገብ ስለምትኖር፣ ለሩቆቹ ቅድሚያ እየሰጠች ሁለት ቀን ሳትጠጣ ቆይታለች። ግልገሏም አልጠጣም። ቀና ብላ «እመት ሽለምጥማጥ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ልቤን አሳረፍሽልኝ» አለችና ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች አመጣችው። ግልገሉ እግሩ ይብረከረካል። ጎንበስ አለ፤ ምላሱን አወጣ።

ሽለምጥማጥ ያቺን ምላስ አየቻት። የትንሿን ልጇን ምላስ ታክላለች።

«ተዪው! አታጠጪው!» ብላ ጮኸችና ከሾላው ዘላ በግልገሉና በውሃው መካከል ቆመች።

አባ ኤሊ አንገቱን አወጣ። «ለምን? ፀሐይዋ ናት አላልሽም?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ብርብራ ነው። ትናንት አንድ ቁና ዘረገፍኩበት።»

«እንብላት!» ብሎ አያ ጅቦ ተነሣ፤ ሆዱ ጠመዘዘውና ተመልሶ ተቀመጠ። ሚዳቋ ግን አልተቆጣችም። ለቁጣ የሚሆን ምራቅ እንኳ አልነበራትም። «ታዲያ ልጄ ምን ይጠጣ?» ብቻ አለች።

 

ሽለምጥማጥ ወደ ፍልፍሉ ቀና ብላ አየች። ቅሉ ውስጥ ያለው ውሃ ልጆቿን ስድስት ቀን ያቆያል። ከሰጠችው ነገ የሚጠጡት የለም። ልቧ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ከዚያ ሾላው ላይ ወጣች። «አመለጠች!» አሉ። አላመለጠችም፤ ቅሉን በጥርሷ ነክሳ፣ ወደ ኋላዋ እያየች ወረደችና አባ ኤሊ ፊት አስቀመጠችው።

አባ ኤሊ የአገሩን ግልገል ሁሉ አስጠርቶ፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት እየቀዳ ለየአንዳንዱ አንድ አንድ ያጠጣ ጀመር። የሚዳቋ ግልገል ቀደመ። መጨረሻ ላይ የሽለምጥማጥ ሦስት ልጆች ተሰለፉ።

«ለእነዚህም?» ብለው እንስሳቱ አጉረመረሙ።

«እኔ የውሃ አባት ነኝ እንጂ የበቀል አባት አይደለሁም» አለ አባ ኤሊ፤ ለሦስቱም እኩል ቀዳላቸው። ቅሉ ተንጠፈጠፈ። ለእናትየው ጠብታ አልቀረም፤ እሷም አልጠየቀች።

«አሁን ፍርዴን ስሚ» አላት። «ያበላሸሽውን ውሃ ቀድተሽ ታወጪያለሽ። ከዚያ አሸዋውን ትቆፍሪያለሽ። ከታች ውሃ ካለ እንኖራለን፤ ከሌለ እንደየእድላችን።»

ሽለምጥማጥ ውሃውን እየቀዳች ከሩቅ አሸዋ ላይ ደፋችው። ኩሬዋ ተንጠፍጥፋ ስታልቅ መቆፈር ጀመረች። ጥፍሯ ተነቀለ፤ ቆፈረች። ፀሐይ ጠለቀች፤ ቆፈረች። ሲነጋ ሚዳቋ መጥታ አጠገቧ በሰኮናዋ ትጭር ጀመር። ይህን ያዩት ሁሉ እየተነሡ መጡ። አያ ጅቦም ሆዱን ይዞ፣ እየተነጫነጨ፣ አፈር ወደ ውጭ ይገፋ ነበር።

ከቀትር በኋላ አሸዋው ረጠበ። ትንሽ ቆይቶ መዳፍ የማትሞላ ውሃ አቆረች። አባ ኤሊ ቀመሳትና «ጥሩ ነው!» አለ። እልል አሉ።

ሽለምጥማጥ ግን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተዘርራለች፤ ምላሷ ደርቋል። ሚዳቋ በቅርፊቱ ቀዳችና ከአፏ አስጠጋችላት።

ሽለምጥማጥ አፏን ዘጋች። «ልጆቹስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ጠጥተዋል።»

«የሁሉም?»

«የሁሉም» አለች ሚዳቋ። ያኔ አፏን ከፈተች።

የእኔ ጨዋታ እዚህ ላይ ነጠፈ፤ የእናንተ ምንጭ አይንጠፍ። ከዚያ አገር የመጣ ሁሉ ግን፣ አሮጌም ሕፃንም፣ ይህችን ሳይናገር ውሃ አይቀዳም ይባላል፦

ለዓሣ የነሰነሱትን ለልጅ ቀዱት።