መጽሐፉን ማሸነፍ ያቃተው ሊቅ

አንድ የታሪክ ሊቅ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሆላንድ ይኖር ነበር። ስሙ ፕሮፌሰር ኦስተርሆፍ ይባላል። አርባ ዓመት ሙሉ የመዛግብት ቤት አቧራ ሲያስነጥሰው ኖሮ፣ ከብዙ ዘመን በፊት በጠላት ስለተከበበች አንዲት ከተማ ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ከመከበሩ የተነሳ ተማሪዎቹ «ኦስተርሆፍ ብለዋል» ካሉ ክርክሩ አለቀ ማለት ነበር።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ «የከተማዋን በር ለጠላት የከፈቱት የወፍጮ ሠፈር ሰዎች ናቸው» የሚል ቃል ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከወፍጮ ሠፈር ልጆች ጋር የሚጋባ ሰው ጠፋ። አይባቸውን እንኳ የሚቀምስ አልተገኘም። አይቡ ምን አጠፋ?

ሊቁ ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላው መጽሐፉን የጻፈበትን የጥንት መዝገብ እንደገና ገለጠ። ለካ ሁለት ገጾች በእርጥበት ተጣብቀው ኖረዋል! ሲያላቅቃቸው «በሩን ሲከላከሉ የሞቱ» የሚል ርእስ ብቅ አለ። በከሃዲነት የጻፋቸው የወፍጮ ሠፈር ስሞች በሙሉ የዚህ ርእስ ነበሩ፤ ርእሱ ስለተደበቀበት ግን ከፊቱ ካለው «በሩን የከፈቱ» ከሚለው ርእስ ሥር አንብቧቸው ኖሯል። ሽማግሌው አለቀሰ። «ሳልሞት ላርመው» ብሎ ከዘራውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገሠገሠ።

ወንበሩን የወረሰው የቀድሞ ተማሪው ዶክተር ሉበርት ማረሚያውን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህማ ከኦስተርሆፍ ጋር ይጋጫል።»

«ኦስተርሆፍ እኮ እኔ ነኝ!»

«ልክ ነው መምህር፤ ግን አሁን አርጅተዋል። መጽሐፉን ሲጽፉ ሙሉ ጤነኛ ነበሩ።»

«መዝገቡን ተመልከተው እንጂ!»

«የኦስተርሆፍን መጽሐፍ ላነበበ ሰው መዝገብ ምን ያደርግለታል?»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። የእኛ ሊቅ ግን የተናገረው እንዲጠፋለት ቢለምንም ያሳደጋቸው ደቀ መዛሙርት እምቢ አሉት።

ተናዶ ወደ ወፍጮ ሠፈር ሄደ። እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቆ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ አነበበ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ግሪትየ የምትባል አይብ ሻጭ አሮጊት ትኩር ብላ አየችውና፣

«እኛማ እናውቅ ነበር፣ ጌታዬ። የጠየቀን ሰው ነው የጠፋው» አለችው።

ወዳጄ፣ ሊቅን ማክበር ደግ ነው። ሊቁ ራሱ «ተሳስቻለሁ» ሲል ጆሮ መንፈግ ግን ስንፍና እንጂ አክብሮት አይደለም። ስለ ሰው ክፉ የሰማ ደግሞ ከመፍረዱ በፊት ሰውየውን ራሱን ይጠይቅ። እርስዎስ፣ «እገሌ ብሏል» ተብሎ ብቻ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያነጋግሩት የፈረዱበት ሰው የለም?